ለሁለት ሰው የተሰፋ ቀሚስ

ስብከቱን ከምእመናኑ ሁለት ቀን ቀድሜ ሰማሁት፤ በስልክ ድምፅ መቅጃ። የሴት ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ እንቅልፍ የተጫነው። የሚናገረው ስለ ሐና ነው፤ ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ ወደ ሴሎ አልወጣም ብላ ቤቷ ስለቀረችው እናት። በየመሃሉ ሌላ ድምፅ ይገባል። የሚጠባ ሕፃን ነው፤ ይውጣል፣ ያርፋል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ቄሷ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰባት ወር ልጇን እያጠባች ስብከቷን ለስልኳ ትነግረዋለች።

«በአንድ እጄ እሱን ይዤ በሌላው መጻፍ አቃተኝ» አለችኝ። «ስለዚህ እንዲሁ አወራዋለሁ። ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር በጆሮዬ አድርጌ እሰማውና የሚጣለውን እጥላለሁ።»

ስሟን አልጽፍም። እንዳልጽፍ የጠየቀችኝ ራሷ ናት፤ ሰው ስለ ነገሩ እንዲያወራ እንጂ ስለ እሷ እንዲያወራ አትፈልግም። የሦስት ልጆች እናት ናት። የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የምታገለግለውም ከዚያ በአንድ ታክሲ በሚደረስበት ማኅበረ ምእመናን ውስጥ። መጀመሪያ ያገኘኋት ቀን «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ። በዕድሜ እኩያዬ ብትሆንም ቄስ ናትና አንደበቴ ወደዚያው ሄደ። ሳቀችና «አንቺ በይኝ። እርስዎ የምባለው ቀሚሱን ስለብስ ብቻ ነው» አለች።

እውነቷን ነበር። እሑድ ከጸሎት በኋላ በር ላይ ቆማ ሰው ስትሰናበት አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይበርቱ» ሲሏት ሰማሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጅ አዝላ፣ በአንድ እጇ ሽንኩርት አንጠልጥላ ታክሲ ተራ ላይ ያገኟት እኚያው ሽማግሌ ናቸው፤ «ደኅና ነሽ ልጄ? ይሄ ጎረምሳ አደገ እኮ!» አሏት። ሁለቱንም ከልባቸው ነው ያሉት። ቋንቋችን ራሱ ገና አልለየለትም። የቄስ ሚስት ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትቀመጥ፣ ምን እንደምትሠራ ሁሉም ያውቃል። የቄስ ባል ሲባል ግን ጆሮ ይቆረቁረዋል።

ቀሚሱም የራሱ ታሪክ አለው። ስትሾም የተሰጣት ነጭ የአገልግሎት ቀሚስ በወንድ ልክ የተሰፋ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌው ጣቷን የሚሸፍን። ሰፈሯ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ አስጠበበችው። ፊት ለፊቱ ግን ድፍን ነው፤ የሚለበሰውና የሚወልቀው በራስ ብቻ ነው። ሲሰፋ ያስተዋለው ሰው አልነበረም፤ ቀሚሱን የምትለብሰው ሰው አንድ ቀን ማጥባት እንደሚኖርባት ማን ያስብ ነበር?

ስለ ሐና የሰበከች ዕለት የሚጠመቁ ሦስት ሕፃናት ነበሩ። ሁለቱ ተኝተው ተጠመቁ። ሦስተኛዋን ክንዷ ላይ ስታስተኛት ልጅቷ ቤቱ እስኪናወጥ ጮኸች። የምታጠባ ሴት የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ ስትሰማ ጡቷ እንደሚፈስ የወለደች ሁሉ ታውቀዋለች። ሰውነት ልጁ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ቄሷ ይህንን ስለምታውቅ ከቀሚሱ ሥር ነጠላ አራት አጥፋ ደረቷ ላይ አስራ ነበር የመጣችው። ውኃውን በእፍኟ እየቀዳች ሦስት ጊዜ ስታፈስስ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ግን ሕፃኗን ከሚያስፈልገው በላይ ጠበቅ አድርጋ ደረቷ ላይ ስታስጠጋት አየሁ። መርሐ ግብሩ እንዳበቃ በጓሮ በኩል ወዳለችው ትንሽ ቢሮ ሮጠች። ባሏ ልጁን ይዞ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ሽማግሌዎቹ የጥምቀት ምስክር ወረቀቶቹን ይዘው እስክትፈርምላቸው ውጭ ቆሙ፤ አንዳቸውም አላጉረመረሙም፣ አንዳቸውም ደግሞ ምን እንደሚጠብቁ አልተናገሩም።

እንዲህ ያለውን ኑሮ ሰው «ማመጣጠን» ይለዋል፤ አገልግሎትንና ቤተሰብን ማመጣጠን። በሴቶች ጉባኤ ላይ ርዕስ ሆኖ ይሰጣል፤ በሥልጠና ወረቀት ላይ ይታተማል። አምስት ሳምንት ያህል ከቄሷ ጋር ስወጣና ስገባ ቃሉን እየጠላሁት መጣሁ። ምክንያቱን ለማስረዳት ስለ እናቴ መናገር አለብኝ።

እናቴ የወንጌላዊ ሚስት ነበረች። ያደግሁት በደቡብ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አባቴ በየወሩ ፈርሞ የሚቀበለው ትንሽ ደመወዝ ነበረው። እናቴ ደመወዝ አልነበራትም፤ ሥራ ግን ነበራት። ከገጠር የሚመጡ ሽማግሌዎች የሚያድሩት እኛ ቤት ነው። የጉባኤ ሰሞን ሊጡ በበርሜል ይቦካል፣ ምጣዱ ከሌሊት ጀምሮ አይበርድም። አባቴ ለስብከት ገጠር ሲወጣ የታመመ የምትጠይቀው፣ የሞተበትን የምታጽናናው እሷ ናት። ባሎቻቸው የመቷቸው ሴቶች ማታ በጓሮ በር የሚመጡት ወደ እሷ ነበር፤ እኛ ልጆቹ አልጋችንን ለቀን መሬት እንተኛለን።

አባቴ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር የመጣውን ደብዳቤ አስታውሳለሁ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሰረቅ አድርጌ አነበብኩት። ደብዳቤው ላይ የነበረው ስም አንድ ነው፤ የአባቴ። አይሱዙ ላይ የተጫንነው ግን ስድስት ነፍስ ነን። በአዲሱ ከተማ እናቴ ሳምንት ሳይሞላት ለማታውቃቸው ሰዎች ወጥ ትሠራ ነበር። ማንም ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ይወዷት ነበር። ስትሞት ቀብሯ ላይ የወጣው ሰው «እናታችን» እያለ አለቀሰ። በሕይወቷ ሳለች ግን «ዛሬ አንቺ ተኚ፣ እኛ እንጋግር» ያላት ሰው አላስታውስም። እኔም አላልኳትም።

ቄሷን ስከተል ዐይኔ ላይ የነበረው ያ ቤት ነው። በአገራችን የአገልጋይ ሥራ ሲቀረጽ ለሁለት ሰው ነው የተቀረጸው። አንዱ ይሾማል፣ ይሰብካል፣ ደመወዝ ይቀበላል። ሌላዋ በዚያው ሹመት ውስጥ ሳትጠቀስ ትገባለች፤ እንግዳ ትቀበላለች፣ ልጆች ታሳድጋለች፣ ሴቶችን ታዳምጣለች። ሥራው ሁልጊዜም የሁለት ሰው ነበር፤ አንደኛዋ ስላልተቆጠረች ግን የአንድ ሰው መሰለ። ሴት ስትሾም ይህ ይገለጣል። ሥራው እንዳለ ይሰጣታል፤ ከኋላዋ የምታሟላው ሚስት ግን የለቻትም።

በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሴቶች ለቅስና እንዲሾሙ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ በኩሬ ዳባ የተሾሙት ደግሞ በ2000። ቤተ ክርስቲያኗ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1959 መሆኑን ስናስብ ውሳኔው አርባ ዓመት ገደማ ጠይቋል ማለት ነው። ሴቶች ግን ያን ሁሉ ዘመን፣ ከዚያም በፊት፣ አገልጋዮች ነበሩ። አስቴር ጋኖ ከባርነት ነጻ ወጥታ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ባለው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማረች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር የደከመች ናት፤ ቃላቱን የሰበሰበችው በአብዛኛው እሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1898 ወንጌልን ይዘው ወለጋ ቦጂ የገቡትን ገብረ ኤዎስጣቴዎስን ታሪክ የሚያነብብ ሰው ባለቤታቸውን ጉመሽ ወልደ ሚካኤልን አብረው ያገኛቸዋል፤ ግን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ «ከባለቤታቸው ጋር» በሚለው ቦታ። እናቴ አባቴን ባዛወረው ደብዳቤ ውስጥ ያ ቦታ እንኳ አልነበራትም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው የፀሐይ ቶሎሳ ነገር ነው። ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ። ከወራት በኋላ ፀሐይም ተያዙ፤ ተገረፉ፤ ክስ ሳይመሠረትባቸው አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ልጆች ነበሯቸው። ስለ ሰማዕቱ ባል ብዙ ተጽፏል፤ መጻፍም ይገባዋል። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የነበረችውን እናት ሳስብ ግን ብዕሬ ይከብደኛል። የታሰሩት ማዕረግ ሳይኖራቸው ነው። አሳሪዎቻቸው ግን አገልጋይ መሆናቸውን ከሹመት ሰጪዎች ቀድመው አውቀው ነበር።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ክህነት ለወንዶች ብቻ ነው፤ ጥያቄው እዚያ በሌላ መልክ ነው የሚኖረው። ካህን ለመሆን የሚያስብ፣ ያልመነኮሰ ዲያቆን ከመቀሰሱ በፊት ያገባል፤ ሚስቱ ብትሞትበት ዳግም አያገባም። የሚስቲቱ ሕይወት በሹመቱ ውስጥ የዚህን ያህል ተሰፍቶ የገባ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ የምታከብራቸውን ሴቶች ስናይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታየናል። ክርስቶስ ሠምራ የልጆች እናት ነበረች፤ ቤቷን ትታ መነነች። በ17ኛው መቶ ዘመን የአፄ ሱስንዮስን የሃይማኖት ለውጥ የተቃወመችው ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ሕፃናት ወልዳ ሦስቱም ሞተውባታል፤ ከዚያ ባሏን ትታ ወጣች፣ በጣና ዙሪያ ማኅበራትን መራች። ሁለቱም ገድል አላቸው። ገድላቸው የሚጀምረው ግን ከቤታቸው ደጅ ነው። እንደ እኔ ሐሳብ እኛ ኢትዮጵያውያን የቅድስት ሴትን መልክ የሣልነው ልጇን ካስቀመጠች በኋላ ነው። አዝላ የምታገለግል ሴት መልክ ገና አልተሣለልንም።

ቄሷ ለሹመት ስትቀርብ የጠየቋት ነገር ነበር። ከእሷ ጋር የቀረቡት ሦስት ወንዶች ነበሩ፤ አንደኛው የአራት ልጆች አባት። ሦስቱንም ስለ እምነት አንቀጽ፣ ስለ ቁርባን፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ ጠየቋቸው። የእሷ ተራ ሲደርስ ያንኑ ጠየቋትና በመጨረሻ «ልጆችሽንስ ማን ይይዛል?» አሏት።

«አባታቸው» አለች።

«ክፍሉ ዝም አለ» አለችኝ። «ያልተጠበቀ ነገር የተናገርኩ ያህል።»

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የቤተ ክርስቲያን መሪ ቤቱን በሚገባ የሚያስተዳድር እንዲሆን ይጠይቃል። ደብዳቤው ይህን የሚለው ስለ አባት ነው፤ ልጆቹን በጭምትነት ስለሚገዛ አባት። እኛ ግን መለኪያውን አንሥተን ለእናቶች ሰጠነው። የወንድ አገልጋይ ልጅ ቢባልግ «እናቱ ምን ነካት?» እንላለን። የሴት አገልጋይ ልጅ ሲያስል ቢሰማ ደግሞ «አገልግሎቱ በዛባት» እንላለን። ያው ጢሞቴዎስ ራሱ እምነትን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንዳገኘ በሁለተኛው ደብዳቤ ተጽፎለት ሳለ።

ስለ ቄሷ ባል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው፤ ዝምተኛ ሰው። ልጆቹን የሚያለብሰው፣ ምሳ ዕቃ የሚያዘጋጀው፣ የቤት ሥራ የሚያሠራው በአብዛኛው እሱ ነው። አንድ ጊዜ «ለአገልጋዮች ባለቤቶች» የሚል የስብሰባ ጥሪ ደርሶት ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ትምህርቱ ባልሽን በጸሎት እንዴት ትደግፊዋለሽ የሚል ነው። ሲያበቃ ለሁሉም ነጠላ ታደለ፤ ለእሱም ደረሰው። «አፍሬ አይደለም ለእናቴ የሰጠኋት» አለኝ። «ነጠላው ጥሩ ነበር። ግን እዚያ ቁጭ ብዬ እነዚህ ሴቶች የሚናገሩትን ስሰማ ሁሉም የእኔን ሥራ ነው የሚሠሩት። የደከሙበትን ሲያወሩ እኔም የደከምኩበት ነው። ልዩነቱ እነሱን ማንም ጎበዝ አይላቸውም። እኔ ሽንት ጨርቅ ስቀይር ያየኝ ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል።»

አክዬ ልናገር። ይህ ሰው እንደዚህ የሆነው ስለወደዳት ብቻ አይመስለኝም። አባቱ የሞተው ልጅ ሳለ ነው፤ እናቱን ጉልት እያገዘ ነው ያደገው። እንጀራ መጋገር የተማረው ያኔ ነው። አገልግሎቷን ዛሬ የሚሸከመው ያ የድህነት ትምህርት ነው።

የወሊድ ፈቃድን በተመለከተ በወረቀት ላይ ያለው ነገር መጥፎ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት ሦስት ቀን። ያው አዋጅ የሃይማኖት ተቋማት የሚመሠርቱትን የሥራ ግንኙነት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ከአዋጁ ውጭ ሊያደርገው እንደሚችልም ይናገራል፤ ስለዚህ የአንዲት አገልጋይ ዕረፍት በብዙ ቦታ የሚንጠለጠለው በማኅበረ ምእመናኑ በጎ ፈቃድ ላይ ነው። ለቄሷ ሙሉ ዕረፍት ሰጥተዋታል። ዕረፍቱን የሰበረው ሌላ ነገር ነው፤ ለቅሶ።

ሁለተኛ ልጇን በወለደች በሃያ ሦስተኛው ቀን የመዘምራኑ መሪ የነበረ ወጣት በመኪና አደጋ ሞተ። እናቱ ቄሷን ጠራች። ሌላ ቄስ ነበር፤ ተልኮም ነበር። እናቲቱ ግን «እሷ ናት ያጋባችው፣ እሷ ትቅበረው» አለች፤ ከዓመት በፊት የልጇን ጋብቻ የባረከችው ቄሷ ነበረችና። «ማንም አላስገደደኝም» አለችኝ። «ግን አራስ ነኝ ብዬ ልጇ ከሞተባት እናት ልቅር? የኔ ልጅ እኮ ሕያው ነው፣ ጠረኑ እላዬ ላይ አለ።» ጋቢ ደርባ ሄደች፤ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመች፤ ማታ ትኩሳት ያዛት። አማቷ ለሳምንት አላናገሯትም። አራስ እንዴት ቀብር ትወጣለች? በእኛ አገር አራስ ቤት ውስጥ ገንፎ ትበላለች፣ ትታጠናለች፣ ትተኛለች፤ ቀኑን ለመቁጠር መቸኮል ነውር ነው። ይህን ያህል ለአራስ የሚጠነቀቅ ባህል እያለን ለአንዲት አገልጋይ ሲሆን እንዴት እንደምንረሳው ይገርመኛል። ጠባቂዋ ባህሉ ነበር፤ የጠራትም ያው ባህል ነው፤ ለቅሶ ቤት የቀረ ሰው በሕይወት የለም ይባላልና። በሁለቱ መካከል የቆመችው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ሥራው ከእሷ የሚወስደውን ብቻ ከጻፍኩ ውሸት ይሆናል። አንድ ረቡዕ ይዛኝ ሄደች፤ ሰፈሩን አልናገርም። የሞተ ልጅ የወለደች ሴት ልትጠይቅ ነው። ልጇን አዝላ ነበር የወጣችው። ከበሩ ሃያ ሜትር ያህል ሲቀር ቆመች፤ አንቀልባውን ፈትታ ሕፃኑን ለእኔ ሰጠችኝ። «እዚህ ኪዮስኩ ጋ ቆዩ። እንድታየው አልፈልግም። እንዳይጮህም አውሪው» አለችኝና ገባች።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየች። በኋላ የነገረችኝ ጥቂቱን ነው። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች «እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል» እያሉ ነበር። እሷ ወለሉ ላይ አብራት ተቀመጠችና የልጅቷን ስም ጠየቀቻት። ሞቶ ለተወለደ ልጅ ስም ማን ይጠይቃል? ሴትየዋ ያወጣችላት ስም ነበር፤ ለማንም ያልተናገረችው። ነገረቻት። ከዚያ ወተቷ እንደመጣና ምን እንደምታደርገው እንደማታውቅ ነገረቻት። «ይሄን ለወንድ ቄስ ትነግረው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «እንጃ። እኔ ግን ጡት የሚያብጥበትን መንገድ አውቃለሁ። ጎመን ቅጠል በቀዝቃዛው እንድታስርበት ነገርኳት፤ ከዚያ ጸለይን።»

የቄስነቷ ሥራ እዚያ ቤት ውስጥ ከእናትነቷ የሚለይበትን መስመር ፈልጌ አጣሁ። ለዚህ ነው «ማመጣጠን» የሚለው ቃል የሚያስቸግረኝ። ሚዛን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይፈልጋል።

ልጆቿ ግን ዋጋ ይከፍላሉ፤ ይህንንም እሷ አትሸፍነውም። ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ራት እየበላን ሳለ ስልኩ ጠራ። ልጅቷ ከሳህኗ ቀና ሳትል «ሞተ ወይስ ታመመ?» አለች። ቄሷ ስልኩን ሳታነሣ ለአፍታ አየቻት። በልጅቷ ድምፅ ውስጥ ክፋትም ምሬትም አልነበረም፤ ዝናብ ነው ወይስ ፀሐይ ብሎ የመጠየቅ ያህል። «መቼ እንደጀመረች አላውቅም» አለችኝ በኋላ፣ ዕቃ እያጠበች። «እንዲህ ስትል ለራሴ የምለው የለኝም። ልጅነቷ ውስጥ ስንት ሰው ሞቷል መሰለሽ። የማታውቃቸው ሰዎች።» ከዚያ ቧንቧውን ዘጋችና ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

እንዲህ ያለው ኑሮ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የልጅነት ጓደኛዬ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ንጋት ላይ በስልክ መስመር የሚገናኝ የጸሎት ቡድን ትመራለች፤ ከየግዛቱ ሐበሾች ይደውሉና አብረው ይጸልያሉ። የምትመራው ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ፣ ልጆቿን ለትምህርት ቤት ከመቀስቀሷ በፊት ባለችው ጊዜ ነው። እዚያ አያት የለም፣ ጎረቤት በር አንኳኩቶ ልጅ አይዝም፤ ሞግዚት በሰዓት ይከፈላታል። አዲስ አበባ ያለችው ቄስ የጎደላት ዕረፍት ነው፤ ጓደኛዬ የጎደላት ሰው ነው።

ቄሷ ዘንድ ነገሩን በመጠኑ የቀየሩት ሴቶቹ ናቸው። ሦስተኛውን ልጅ ስታረግዝ፣ በሴቶች የጸሎት ቀን፣ ጉልት የምትቸረችር አንዲት እናት «ዕቁብ ለምን አንጥልም?» አለች። የገንዘብ መስሏቸው ነበር። እሷ ያሰበችው የከሰዓት በኋላ ዕቁብ ነው። ስምንት ሴቶች ሆኑ፤ ነጋዴ፣ ነርስ፣ ልብስ ሰፊ፣ አስተማሪ፣ ቄስ። ዕጣ ይወጣል። በየሐሙሱ የደረሳት ሴት ቤት ሁለቱ ይሄዱና ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ልጅ ይይዛሉ፣ ወጥ ይሠራሉ። ባለ ዕጣዋ የፈለገችውን ታደርጋለች፤ ትተኛለች፣ ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ታነብባለች። ሕጉ እንደማንኛውም ዕቁብ ነው፤ የበላ ይጥላል። ቄስነት ነጻ አያወጣም።

ይህ «ነጻ አያወጣም» የሚለው ነገር ለእኔ ትልቅ ነው። ለአገልጋይ በጎ ነገር ስናደርግ በስጦታ መልክ ነው የምናደርገው፤ ስጦታ ደግሞ ያልቃል፣ ውለታም ይሆናል። ዕቁብ መብት ነው። ቄሷ በተራዋ ቀን የምትተኛው ሰው ስላዘነላት አይደለም፤ ዕጣዋ ስለወጣ ነው። ነርሷም እንደዚያው። ማኅበረ ምእመናኑም ከዚህ ተምሮ ይሆን አላውቅም፣ ለለቅሶና ለሕመምተኛ ጥየቃ ሽማግሌዎችን በተራ መድቧል፤ የሌሊት ስልክ ሁልጊዜ እሷ ጋ ብቻ አይጠራም። አሁንም ብዙ ይቀራል። ቀሚሱ አሁንም ድፍን ነው።

የመጨረሻው ቀኔ ሐሙስ ነበር። ዕጣው የደረሰው ጉልት ለምትቸረችረው ሴት ነው፤ ቄሷና ነርሷ ተረኞች። ነርሷ ዘግይታለች። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የባለቤቲቱ ሁለት ልጆች፣ የቄሷ ሦስቱ፣ እኔና አንዲት ድመት ነን። ቄሷ የከሰል ምድጃ ላይ ሽሮ ጥዳ በአንድ ዐይኗ እሱን፣ በሌላው የልጆቹን የቤት ሥራ ታያለች። በሩ ተንኳኳ። እኚያ ባለ ጋቢ ሽማግሌ ናቸው፤ የምትፈርመው ወረቀት ይዘው ቤቷ ሄደው፣ እዚህ እንዳለች ተነግሯቸው መጡ።

«ይግቡ ጋሼ» አለቻቸው። ሽሮው ገነፈለ። ሕፃኑን ወዲያው እቅፋቸው ላይ አድርጋላቸው ወደ ምድጃው ዞረች። ሽማግሌው እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ ለማውጣት ጊዜ አላገኙም፤ በጋቢው እንዳለ ተቀበሉት። ወረቀቱ መሬት ወደቀ። መጀመሪያ እንደ ብርጭቆ ነገር ነበር የያዙት። ቀስ እያሉ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ እሱም ጢማቸውን ጨበጠ።

ስልኳ ጠራ። እጇ ሽሮ ነክቷልና ትልቋ ልጇ አንሥታ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት፤ ስትይዝላት በሹክሹክታ «ሞተ ወይስ ታመመ?» አለቻት።

ቄሷ ጥቂት አዳመጠች። ፊቷ ፈካ።

«ወለደች» አለች።

«ትሄጃለሽ?»

«ነገ። ዛሬ ተራዬ ነው።»